ቁልቋል ለማየት 100 ብር፦ ከእማዬ ጋር የሄድንበት የበረሃ ተክሎች ግቢ

እማዬ በሩ ላይ ቆም አለችና "ቁልቋል ለማየት ነው ብር የምትከፍይው?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ያደገችው ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ቁልቋል አጥር ነው፣ ጥላም ነው። ፍየል ስትጠብቅ "ወተቱ ዓይንሽ እንዳይገባ" እየተባለች ነው ያደገችው። ቆሞ ቁልቋል የሚያይ ሰው በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ከገባን በኋላ ግን ሦስት ሰዓት ቆየን። እንሂድ እንሂድ የምለው እኔ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ግቢውን ሁለት ጊዜ ከጎበኘሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሄድን። ሁለተኛ በሐምሌ፣ ዝናቡ ሌት ተቀን በሚወርድበት ጊዜ። የበረሃ ተክል ጎጃም ውስጥ የሚፈተነው በክረምት ስለሆነ ሐምሌን ሳላይ መጻፍ አልፈለግሁም።

ግቢው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ታፔላ የለውም። ባለ ባጃጁን "ቁልቋል ያለበት ግቢ" ብትሉት ያውቀዋል። እኛ ከዓባይ ማዶ ኮንትራት ይዘን፣ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ነው የሄድነው። ባጃጁን አስጠብቀን ደርሶ መልስ 400 ብር ከፈልን። መግቢያ ለአዋቂ 100፣ ለልጅ 30 ብር ነው። በስልክ ፎቶ ማንሳት በነጻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሱቄ መስኮት ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ቀኑ አይነጋልኝም። ለዚህ ብዬ ከመንገድ ዳር ካክተስ እየገዛሁ አስቀምጣለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሞቱብኝ። ሁሉም ሥራቸው ይጠቁርና ይለሰልሳል፤ አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጋደም ብለው አገኛቸዋለሁ። ውሃ በየማለዳው አጠጣቸው ነበር። ምን እንደጎደላቸው የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነው ወደዚህ ግቢ የሄድኩት።

አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው። እናቴን "እማማ" እያለ፣ ክንዷን ይዞ ነው ያዞራት። ይህ ብቻውን 100 ብሩን ያስረሳል።

እንደገባችሁ ሁለት መደብ ፊት ለፊት ተተክሎ ታያላችሁ። በቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ካክተሶች አሉ፤ በግራ የእኛው ቁልቋል። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ባለ ሸንተረር፣ ሁለቱም እሾሃም ናቸው። እማዬ ሁሉንም "ቁልቋል" አለቻቸው። ልጁ አልተከራከራትም። "እስቲ እሾሁን ብቻ ጠጋ ብለው ይዩት፣ እማማ" አላት።

እኔም መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። ካክተሱ ላይ እሾሁ የሚወጣው ከትንሽ የሱፍ ትራስ ነው። ትራሷ የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ነጭና ለስላሳ ናት። ከእሷ ላይ ስምንት አሥር እሾህ እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትኗል። እኔ ስፌት መኪናዬ አጠገብ የማስቀምጣት መርፌ መሰኪያ ትራስ ትዝ አለችኝ። ሸንተረሩን ተከትላ ከላይ እስከ ታች በእኩል ርቀት ተደርድራለች፤ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ቁልቋሉ ላይ ግን ይህ ትራስ የለም። እሾሁ መንታ መንታ ሆኖ ከደረቀ ቆዳ ላይ ይወጣል። ልጁ ቀጭን መርፌ አወጣና ሁለቱንም ወጋ አደረጋቸው። ቁልቋሉ ወዲያው ነጭ ወተቱን አንጠባጠበ። ካክተሱ ላይ የታየው ትንሽ እርጥበት ብቻ ነው።

ሁለቱ ዘመድ አይደሉም ማለት ነው። ካክተስ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ከዝርያዎቹ ሁሉ አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ ቀጭን ሐረግ መሳይ ነገር ነው። ቁልቋል ግን የእኛው ነው። ቤተሰቡ ከጉሎ ጋር ነው። በየአገራቸው ውሃ ሲያጥራቸው ሁለቱም ቅጠላቸውን ጣሉ፣ ግንዳቸውን አወፈሩ፣ እሾህ አበቀሉ። በመጨረሻ መልካቸው ገጠመ። እማዬ "ጉሎ ከቁልቋል ጋር?" ብላ ደጋግማ ጠየቀች። ልጁም ደጋግሞ አስረዳት። አልሰለቸም።

ቁልቋሉ ሥር አንድ ሰሌዳ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ እንደነበር ይናገራል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቁልቋልን በሥዕል አስደግፎ፣ በዚሁ በእኛ ስሙ ጽፎታል። ሳይንሳዊ ስሙም "ዩፎርቢያ አቢሲኒካ" ነው፤ አገራችን ስሙ ውስጥ አለች። ይህን ለእማዬ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ያገኘናቸው ክቡ፣ ቢጫ እሾህ ያለው ካክተስ ጋ ነው። ወርቃማ በርሜል ይሉታል። የመጣው ከሜክሲኮ ነው። በተፈጥሮ ከሚበቅልበት ቦታ ከፊሉን በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ ግድብ ውሃ አጥለቅልቆታል። ዛሬ በየአትክልት ቦታው በብዛት የሚታይ ተክል ነው፤ በትውልድ ቦታው ግን የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። እሳቸው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እኔን የያዘኝ ግን ሸንተረሩ ነው። "ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ ጋሼ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሥራሽ ምንድን ነው?" አሉኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ነገርኳቸው። "እንግዲያው አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ሽንሽን ነው" አሉኝ። እውነትም ሽንሽን ነው። ዝናብ ሲመጣ ተክሉ ይጠጣና ይነፋል፤ ሽንሽኑ ይከፈታል። ድርቅ ሲሆን ይኮማተራል፤ ሽንሽኑ ይታጠፋል። ቆዳው ግን አይቀደድም። ሽንሽን ቀሚስ ወገብ ላይ ለምን ትርፍ ጨርቅ እንደምንተው ሃያ ዓመት ለደንበኞቼ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። እዚያ ቆሜ ያንኑ ነገር ተክል ላይ አየሁት። የእጄን ሥራ በፈጣሪ እጅ ተሠርቶ እንዳየሁ ነው የቆጠርኩት።

ከአጠገቡ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ የተተከለች አንዲት ችግኝ አለች። ከአውራ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም። ሳጓሮ ናት፤ የአሪዞናና የሰሜን ሜክሲኮ በረሃ ተክል። በፊልም ላይ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የምናያት እሷ ናት። ሙሉ ቁመቷ 12 ሜትር ይደርሳል። ግን የመጀመሪያዎቹን 8 ዓመታት ከ4 ሴንቲ ሜትር ላታልፍ ትችላለች። የመጀመሪያ እጇን ለማውጣት 50 ዓመት አልፎም 70 ይወስድባታል። ባለቤቱ ከዘር እንዳበቀሏት ነገሩን። እጇን ስታወጣ እንደማያዩ ያውቃሉ። በየሳምንቱ ማሰሮዋን ትንሽ እያዞሩ ፀሐይ ያስመቷታል።

መስታወት ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ውስጡ ግን የግቢው ሀብት ነው። ሊቶፕስ የሚባሉት ድንጋይ መሳይ ተክሎች እዚህ ናቸው። ከደቡብ አፍሪካና ከናሚቢያ አካባቢ የመጡ ናቸው። ጠጠር መሐል ተተክለው የቱ ጠጠር የቱ ተክል እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ፈጀብን። እያንዳንዱ ጥንድ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። የቅጠሉ አናት እንደ መስኮት ብርሃን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። አሮጌው ጥንድ ደርቆ አዲሱ ከመሐሉ ሲወጣ ውሃ ካጠጣችሁት ይበሰብሳል። መደርደሪያው ላይ ጽጌረዳ የመሰሉ ኤቼቬሪያዎች አሉ። ቅጠላቸው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሽፋን አለ። አትንኩት፤ የጣታችሁ አሻራ እዚያው ይቀራል።

እማዬ ይህን ክፍል ቶሎ ጨርሳ ወደ ውጭ ወጣች። ስፈልጋት እሬቱ ጋ አገኘኋት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ። ግቢው ከእነዚህ የተወሰኑትን ሰብስቧል። አንዱ ብርቱካናማ አበባ አውጥቶ ትንሽ ወፍ ትቀስመው ነበር። እማዬ ለአስጎብኚው ስታስረዳ ደረስኩ። ቦታ ተለዋውጠዋል። ቅጠሉ ሲሰበር መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ውሃ መራራው እንደሆነ፣ መሐሉ ያለው ዝልግልግ ግን ሌላ እንደሆነ ትነግረዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንቺንም በእሬት ነው ጡት ያስጣልኩሽ፤ ሁለት ቀን አልቅሰሽ በሦስተኛው ተውሽ" አለችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ጥግ ላይ ያለውን ወፍራም ቅጠልም ገና ከሩቅ "እንዳሁላ!" ብላ ጠራችው። ልጁ የሚያውቀው ካላንቾ በሚለው ስሙ ነው። እሷ ቅጠሉ እሳት ላይ ለብ ተደርጎ እብጠት ላይ እንደሚታሰር ነገረችው። ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። መንገዱ ዳር፣ ልጆች በሚያልፉበት በኩል፣ የጥንቸል ጆሮ የመሰለ ጠፍጣፋ የበለስ ዘመድ ተተክሏል። ረጅም እሾህ የለውም። ወርቅማ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቬልቬት ይመስላል። ጨርቅ የለመደ እጅ ዝም ማለት አይችልም፤ ዳሰስኩት። ነጠብጣቡ ለካ በመቶዎች የሚቆጠር ደቃቅ እሾህ ነው። ጫፉ ወደ ኋላ የዞረ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም። ልጁ ሮጦ ፕላስተር አመጣና ጣቴ ላይ እየለጠፈ ነቀለው። የቀረውን በወረንጦ አንድ በአንድ አወጣው። ቢሆንም ለሁለት ቀን መርፌ ስይዝ ይጠቀጥቀኝ ነበር። ለባለቤቱ ነገርኳቸው። በሐምሌ ስሄድ ተክሉ እዚያው ነው፤ "አትንኩ" የሚል ወረቀት ብቻ ተለጥፎበታል። ማንበብ የማይችል ሕፃን ምን ይሆናል? ተክሉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

መቀመጫም ያስፈልጋል። ግቢው ፀሐይ እንዲያገኝ ተብሎ ጥላ የለውም። ተክሉን ደስ ይለው ይሆናል፤ የ70 ዓመት ሴት ግን ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከሳኩለንቶቹ፣ ማለትም ውሃ በወፍራም ቅጠላቸውና ግንዳቸው ከሚያከማቹት ተክሎች፣ ግማሹ ላይ ያለው ስም በላቲን ብቻ ተጽፏል፤ እሱም በፀሐይ ለቋል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በጥር ውሃ ግን አልነበረውም።

ከሁሉ የከፋኝ በሩ ላይ ያለው መሸጫ ነው። ውስጥ የሚያስተምሩትና በሩ ላይ የሚሸጡት አይገናኝም። ባለቤቱ ውስጥ በሥርዓት አስተምረውኛል። "ስንት ጊዜ ታጠጫለሽ?" አሉኝ። በየማለዳው አልኳቸው። "የገደልሻቸው በውሃ ነው" አሉኝ፤ አልሸነገሉኝም። ካክተስ ቀን ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ ይውላል፤ አየር የሚስበው ሌሊት ነው፤ ውሃ እንዳይባክንበት። ስለዚህ የሚጠጣው ጥቂት ነው። የእኛ ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ሥሩም ይታፈናል። እሳቸው አንድ እጅ ብስባሽ፣ ሁለት እጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ጠጠር ነው የሚቀላቅሉት። ደረቅ ስንጥር አፈሩ ውስጥ ከትተሽ አውጪው፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ተይው አሉኝ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ስወጣ በሩ ላይ የ150 ብር ካክተስ በዋልካ አፈር፣ ሥሩ ቀዳዳ በሌለው ፕላስቲክ ተተክሎ ይሸጣል። ሻጯ "በሳምንት ሦስቴ ውሃ" አለችኝ። ከዚያ አትግዙ። ውስጥ ግቡና በሸክላ የተተከለውን ጠይቁ። 300 ብር ነው። የእኔ ስድስት ወር ሞልቶታል፤ ደህና ነው።

በሐምሌ የሄድነው ላስቲክ ለብሰን ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሳጓሮዋ አገር ያለችው ቱሳን ከተማ የምታገኘው 300 ገደማ ነው። ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። የውጮቹ የካክተስ መደቦች በሙሉ የላስቲክ ጣራ ተሠርቶላቸዋል። ጎናቸው ግን ለነፋስ ክፍት ነው። መደቦቹ ከመሬት በጉልበት ቁመት ከፍ ብለዋል፣ ዙሪያቸው ቦይ ተቆፍሯል። የውጭዎቹ ካክተሶች ከሰኔ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አይሰጣቸውም። ያም ሆኖ ከወርቃማ በርሜሎቹ አንዱ ሥሩ ለስልሶ ነበር። ባለቤቱ ተንበርክከው በቢላ የበሰበሰውን እየቆረጡ ጤነኛው ሥጋ እስኪታይ ድረስ ወረዱ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት እንዲደርቅ ጣራ ሥር አስቀመጡት። ይድን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እናያለን" አሉ። የእኛው ቁልቋልና እሬት ግን ያለ ጣራ ዝናቡን እየጠጡ ቆመዋል። ምንም አልሆኑም።

በሚያዝያ እማዬ ደጀን ሄዳ ነበር። ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ የቁልቋል ቅርንጫፍ ይዛ መጣች። "ለእነዚያ ሰዎች ስጪልኝ" አለችኝ። ወሰድኩላቸው። በሩ ላይ ግን አስቆሙኝ፤ ከውጭ የመጣ ተክል ቀጥታ አይገባም። መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ተረዳሁ። ትግራይ ውስጥ ብዙ በለስ የጨረሰው ነገር እንዲህ ነው የጀመረው። ኮቺኒል የምትባል ትንሽ ነፍሳት ቀይ ቀለም እንድትሰጥ ተብላ በ1990ዎቹ ገባች። በለሱ ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ሆና ትቀመጣለች፤ ስትጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀለም ትሰጣለች። ጨርቅ የሚቀባበት፣ ከንፈር የሚቀባበት ቀለም ነው። ከእጅ ስታመልጥ ግን ሰው የሚበላውን፣ ከብት የሚበላውን በለስ አደረቀችው። ነፍሳቷ የምትይዘው በለስን ነው፣ ቁልቋልን አይደለም። ባለቤቱ ግን ለማንኛውም ተክል ሕጋቸው አንድ ነው። ቅርንጫፉን ተቀብለው የተቆረጠበት ጫፍ እንዲደርቅ ለብቻው አስቀመጡት፤ ሁለት ወር።

በሐምሌ ስንሄድ እማዬ ከመግባታችን "የእኔስ?" አለች። ልጁ በዝናቡ መሐል ክንዷን ይዞ ወሰዳት። በግራ በኩል፣ ከትልቁ ቁልቋል አጠገብ ተተክሏል። ከፊቱ በእንጨት ላይ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ አለው። "ከደጀን፣ ዓባይ በረሃ" ይላል። አነበብኩላት። ጎንበስ ብላ ጫፉን አየች። ሁለት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች አውጥቷል።